«ፋራ» ያላችሁት ቀፎ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ታክሲ ላይ የሞባይሉን ስፒከር ከፍቶ ዘፈን ቢያጫውት ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል፣ ወያላው «ፍሬንድ፣ ኢርፎን የለህም እንዴ?» ይላል፣ ማታ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ሙድ ይያዝበታል። ቀፎው ባለ ቁልፍ ከሆነ፣ ጀርባው ላይም ትልቅ ስፒከር ካለበት፣ በቃ አለቀለት። ፋራ ነው!

እኛ ዛሬ ለዚህ ቀፎ ጥብቅና ልንቆም ነው። የምንቆመውም ቦሌ ላይ ሆነን ሳይሆን አሳይታ ላይ ሆነን ነው። አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳያይ በሐይቆች መሀል የሚያልቅበት አገር፣ የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ፣ ቢሮው ሁሉ ጠቅልሎ ሰመራ እስኪገባ ድረስም የአፋር ክልል ዋና ከተማ የነበረች አሳይታ። እዚህ ባለ ሚሞሪው ቀፎ መጫወቻ አይደለም። ካሴት ቤቱም፣ ሬዲዮውም፣ ባትሪ መብራቱም፣ የዘፈን ማኅደሩም እሱ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ ኤሪክሰን «ዎክማን» የሚለውን ስም የለጠፈበትን ደብልዩ 800 አወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኖኪያ 5310 ኤክስፕረስ ሙዚክን ይዞ መጣ፤ ዘፈን ማስጀመሪያና ማሳለፊያ ቁልፎቿ ከስክሪኑ ጎን የተደረደሩ ቀጭን ቀፎ። ያኔ ይቺን የያዘ ሰው ፋራ ይባል ነበር? ኧረ በጭራሽ! የአራዳ ልጅ ምልክት ነበረች። በብሉቱዝ ዘፈን መቀባበል፣ ስፒከሩን ከፍቶ ሰፈር መሀል መቆም፣ «ያንቺ ስንት ጊጋ ይይዛል?» መባባል ሁሉ ነበረ። ዛሬ የሚሳለቁት ታላላቆቻችን ናቸው እኮ ያኔ የተሽቀረቀሩባት። ታዲያ ምን ተለወጠ? የሙዚቃ ቀፎ አልሞተም። የሞተ የመሰለን ከእጃችን ወጥቶ ወደ እረኛው፣ ወደ ሹፌሩ፣ ወደ ሻይ ሻጯ እጅ ስለገባ ነው። ቴክኖ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገር ውስጥ መገጣጠም ሲጀምር፣ አይቴልም ሲከተል፣ ስፒከሩ ጎላ፣ ዋጋው ወረደ፣ ሲሙ ሁለት ሆነ። ዋጋው ሲወርድ ክብሩም አብሮ ወረደ። ነገሩ ይኸው ነው። ቀፎውን ሳይሆን የያዘውን እጅ ነው የናቃችሁት። (ኖኪያ የሚለውን ስም የያዘው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያችኑ 5310ን አድሶ ለገበያ ሲያቀርብ ግን «ሬትሮ» ተባለላት። አውሮፓ ሲይዛት ሬትሮ፣ ሎጊያ ላይ ሲይዟት ፋራ!)

«ስማርት ስልክ ይግዙና ይገላገሉ» የሚለውን ምክር ሰምተነዋል። እስቲ ስለ ሙቀት እናውራ። አፕል ራሱ አይፎንን የአየሩ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ተጠቀሙ ይላል። አሳይታ ላይ በሞቃቶቹ ወራት 40 ዲግሪ ወሬ አይደለም፣ የአዘቦት ቀን ነው። ስክሪኑ ሰፊ የሆነ ስልክ ኪስ ውስጥ ይግላል፣ ይደክማል፣ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል። ያች ባለ ቁልፍ ቀፎ ደግሞ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ቀናት ትቆያለች። መብራት ሲጠፋ (ይጠፋል!) አናቷ ላይ ያለው ባትሪ ይበራል፣ ዘፈኑም አይቋረጥም። ከብት ተከትሎ ለቀናት ከከተማ የሚርቅ ልጅ የትኛውን ይዞ ይሂድ? መልሱን ለእናንተ እንተወው።

ደግሞ የሂሳቡ ነገር አለ። አንድ ዘፈን በተለመደው ጥራት በደቂቃ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል። ባለ 4 ጊጋ ሚሞሪ ላይ ስምንት መቶ ያህል ዘፈን ይገባል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢሰማ ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቅም። ያንኑ ዘፈን በኢንተርኔት የሚሰማ ሰው ግን በሰዓት ስልሳ ሜጋ ባይት ገደማ ይበላበታል፣ ነገም ያንኑ ሲሰማ እንደገና ይከፍላል። ከቀን ሥራው ላይ ቆጥሮ ካርድ ለሚሞላ ሰው ይሄ ጥቃቅን ነገር አይደለም።

ኔትወርክ ሲኖር ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ። የአጭር ጽሑፍ መልዕክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ መስከረም 2000 ላይ እንደተከፈተ ታላላቆቻችን አይረሱትም። እኛ ደግሞ ሰኔ 2012ን አንረሳውም። ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ሙዚቃውን ሁሉ «ደመና» ላይ አስቀምጦ የነበረው ከተሜ ድንገት ዝም ያለ ብርጭቆ ታቅፎ ቀረ። ባለ ሚሞሪው ግን እንደ ትናንቱ ሲዘፍን ሰነበተ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥና ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣም ቢሆን፣ ውጭ ለሚያድር ሰው ባትሪ መብራትና ኢንተርኔት የማይጠይቅ ሬዲዮ ያለው ቀፎ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብንም።

አሁን ወደ ዋናው ጸብ እንምጣ። «ሚሞሪ ጫኚው ሌባ ነው፤ የአርቲስቱን ላብ ይሸጣል» ትላላችሁ። ይሄን ክርክር አንንቀውም፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ መቅዳትን ቢፈቅድም አባዝቶ መሸጥን አይፈቅድም፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻልም ለባለመብቶቹ ክፍያ የሚሰበስብ የጋራ ማኅበር እንዲኖር መንገድ ተበጀ። ዘፋኝ ሲራብ ማየት አንፈልግም። ግን እስቲ አሳይታ ወርዳችሁ ይሄን ልጅ ተመልከቱት። ጠባብ ሱቅ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ የሚጮህ ቬንትሌተር። ሚሞሪህን ትሰጠዋለህ፣ «ምን ልጫንልህ?» ይልሃል። ጅቡቲ፣ አፋር አዲስ፣ አፋር የድሮ፣ መንዙማ፣ ሱዳን፣ አማርኛ ትዝታ… በየፎልደሩ ደርድሮታል። ከጅቡቲ የመጣውን አዲስ ዘፈን ማን አመጣለት? በጋላፊ የገባ ሹፌር። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ያደረ ሹፌር ደግሞ ከዚህ ያስጫነውን ይዞ ይወርዳል። አፋር በሦስት አገር ተከፋፍሎ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ድንበር አቋርጦ ዘፈኑን የሚያገናኘው ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ናት።

«በአፕ ይግዙ» ማለት ቀላል ነው። ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አውታርን የመሰለ የሙዚቃ መሸጫ ሲያቋቁም በጣም ደስ ብሎን ነበር፣ ሐሳቡም ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን አፕ ስማርት ስልክ ይፈልጋል፣ ዳታ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሸጠው ዘፈን ውስጡ መኖር አለበት። የአፋርኛ ዘፈን ፈልጉበት እስቲ። ዩቲዩብ ላይ እንኳን ያሉትን ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ነው፣ «ኪው» የምትባለዋ ፊደልም የ«ዐ»ን የጉሮሮ ድምፅ ትወክላለች። ስለዚህ «አፋር» የሚለውን ስም አንዱ በ«ኪው» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤ»። መፈለጊያው ግራ ይጋባል፣ ፈላጊውም ይሰለቻል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. አፋርኛን ከተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን ወስኗል፤ ዘፈኑን በሕጋዊ መንገድ የሚገዙበት ሱቅ ግን ማንም አልከፈተም። ያልተከፈተ ሱቅ ውስጥ ስላልገዛ ሰውን ሌባ ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ስለ ስፒከሩም አንድ ነገር እንበል። «ጨዋነት ማጣት ነው፣ ለብቻህ ስማ» ይባላል። እዚያ የተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ፣ እሺ፣ ይሁንላችሁ። አፋር ዘንድ ግን ዳጉ የሚባል ነገር አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። የሰማ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። ጋዜጠኝነት ተመርቀን የወጣን ሰዎች ይሄን ስንሰማ ትንሽ ሼም ይይዘናል፣ ይለፍ። እና አሁን «ሞባይል ዳጉን ገደለው» እያሉ የሚያለቃቅሱ ጸሐፊዎች አሉ። ሲፈልጉ ቀፎው ኋላ ቀር ነው፣ ሲፈልጉ ደግሞ ባህል አጥፊ ነው። አንዱን ምረጡ እንጂ! በዳጉ ያደገ ሰው የሰማውን ለብቻው ጆሮው ውስጥ ወትፎ መሄድ ለምን ያስደስተዋል? አዲስ ዘፈን ሲመጣ አንዱ ይከፍታል፣ አራቱ ይሰማሉ፣ አንደኛው «ላክልኝ» ይላል። ትልቅ ሰው መናገር ሲጀምር ደግሞ ማንም ሳይነግረው ያጠፋዋል። እኛ ካፌ ውስጥ አምስት ሆነን ተቀምጠን፣ አሥር ጆሮ ደፍነን፣ አንዳችን ለአንዳችን ቃል ሳንተነፍስ የምንነሳው ነን ሥልጡኖቹ?

ታዲያ ምን ይደረግ ለምትሉን፣ ነገሩ የመንኮራኩር ሳይንስ አይደለም። ጫኚውን ልጅ ከማሳደድ ፈቃድ ስጡት። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፣ ሰው ሸቀጥ እየገዛበት ነው። የክፍያ ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ሱቅ ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ ይተምንለት፣ የሚጭናቸውን ዘፈኖች ይመዝግብ፣ ገንዘቡም ለዘፋኞቹ ይከፋፈል፤ ከአሳይታ የተሰበሰበው ደግሞ አሳይታ ላይ ለተሰማው እንጂ አዲስ አበባ ላይ ስሙ ለገነነው አይሂድ። ስልክ አስመጪዎችም የሚሞሪ ማስገቢያና የኢርፎን ቀዳዳ የሌለውን ቀፎ «ዘመናዊ» እያላችሁ አታራግፉብን። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2016 ቀዳዳውን ስለደፈነ እኛም እንድፈን የሚል ሕግ የለም። የኢርፎኑ ገመድ እኮ የሬዲዮው አንቴና ነው፤ ቀዳዳው ሲሄድ ኤፍ ኤሙም ተከትሎት ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ እስኪሆን ግን፣ ያንን ልጅ ሌባ ከማለታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ፎልደር ለማን መክፈል እንዳለበት ጽፋችሁ አምጡለት። የአፋር አዲስ በሚለው ጀምሩ።