ከዳገቱ መሐል መመለስ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ብስክሌት ነው። «በዚህ ዕድሜሽ ብስክሌት ጀመርሽ እንዴ?» እንዳትሉኝ። እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ብስክሌቱን የነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ 58 ዓመቱ ነው። ከአገር ከወጣ ረጅም ጊዜ ሆኖታል፤ የሚኖረውም ደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻምቤሪ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ እዚህ ዝናቡ ሲያይል እዚያ በጋ ነውና ልጠይቀው ሄድኩ። «እትዬ፣ ሞሪየንን ሳታይማ አትመለሺም» አለኝ።

ሞሪየን የአርክ ወንዝ የሚፈስበት፣ ርዝመቱ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ግራና ቀኙን የአልፕስ ተራሮች ያጠሩት ሸለቆ ነው። ከታች ባቡሩ፣ አውራ ጎዳናውና ፋብሪካው አለ። ከሸለቆው ወለል ደግሞ ጠመዝማዛ አስፋልቶች ወደ ተራራ ማለፊያዎቹ ይወጣሉ፦ ማድሌን፣ ክሯ ደ ፌር፣ ቴሌግራፍ፣ ጋሊቢዬ፣ ሞን ሰኒ፤ በሸለቆው ራስ በኩል ደግሞ 2,764 ሜትር ከፍታ ያለው ኢዝራን። በበጋ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ብስክሌቱን ይዞ ይመጣል። ቱር ደ ፍራንስ ጋሊቢዬን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው።

የጋሊቢዬን ከፍታ ስጠይቅ «2,642 ሜትር» ሲለኝ ሳቅሁ። ደብረ ብርሃን እኮ ከዚያ ይበልጣል! እንጦጦማ ጥሎት ይሄዳል። ነገር ግን ነገሩ ወዲህ ነው። እዚያ የሚነሡት 700 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው የሳን ሚሼል ከተማ ነው፤ በ35 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ወደ 2,100 ሜትር ያህል ይወጣሉ። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት የምታውቁ፣ ያንን ወጥታችሁ ሳታርፉ ሌላ ግማሹን እንደ መጨመር አስቡት፤ ያውም በእግር ጉልበት። ደግሞም የደብረ ብርሃን ሰው ደሙ ከአየሩ ጋር ተላምዷል። ዝቅ ካለ አገር የመጣ ሰው ግን እዚያ ላይ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚያገኘው።

በመጀመሪያው ቀን ትንሿን ዳገት፣ ሞንቬርኒዬን ወጣ። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ በማይሞላ መንገድ ላይ መታጠፊያዎቹ እንደ ሹሩባ ተደራርበዋል፤ ስቆጥራቸው አንዴ 17፣ አንዴ 18 መጡልኝ። ቀስ እያለ፣ ማርሹን አቅልሎ ወጣው። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ወደ ጋሊቢዬ ተነሣ። እኔና ልጁ በመኪና እየቀደምን፣ ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ እየቆምን እንጠብቀዋለን። በዚያ መንገድ ዳር አንድ የወደድኩት ነገር አለ። በየኪሎ ሜትሩ ትንሽ ምልክት ተተክሏል፤ ከፍታው ስንት እንደሆነ፣ ጫፉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው፣ የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር ስንት በመቶ ዳገት እንደሆነ ይነግራል። ሰባት በመቶ ማለት መቶ ሜትር ስትሄዱ ሰባት ሜትር ከፍ ማለት ነው። ለእኔ ምልክቱ በሽተኛ አልጋ ግርጌ የሚንጠለጠለውን ቻርት መሰለኝ።

የመጀመሪያው ክፍል ቴሌግራፍ ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአማካይ ሰባት በመቶ። ጫፉ ላይ ስንጠብቀው መጣ፤ ከብስክሌቱ ሳይወርድ መሐል ደረቱን በመዳፉ አሸት አደረገ። አየሁት። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ያን የእጅ አነካክ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ግን ዝም አልኩ። ደስታውን እንዳላበላሽበት፣ «እህቴ ሁሉን በሽታ ታደርገዋለች» እንዳይለኝ ፈራሁ። ቫሏር ወደምትባለው ከተማ ቁልቁል ወረደ፤ እኔም እንደ ዝምታዬ ሄድኩ።

ከቫሏር እስከ ጫፉ 18 ኪሎ ሜትር ነው። አሥሩ ይሻላል፤ ፕላን ላሻ ከሚባለው ቦታ በኋላ ግን መንገዱ በቀኝ ታጥፎ ሽቅብ ይቆማል፤ የቀሩት ስምንት ኪሎ ሜትሮች ከባዶቹ ናቸው። እዚያ ቆመን ጠበቅነው። ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ አየሩ ቀዝቅዞ ሳለ ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

«ምን ይሰማሃል?» አልኩት።

«ምንም እትዬ፣ ጨጓራዬ ነው። ስቆም ይለቀኛል።»

«ስቆም ይለቀኛል» ሲለኝ የእኔ ልብ ቆመ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቀው፣ አንድ ወር አልፎታል፤ ደረጃ ሲወጣም ይጨንቀዋል፤ አንዳንዴ ግራ ክንዱ ይከብደዋል። ለሚስቱም አልነገራት። የደም ግፊት ክኒኑን ደግሞ «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ብሎ መዝለል ጀምሯል።

«ውረድ» አልኩት። «ስምንት ኪሎ ሜትር ነው የቀረኝ!» ብሎ ተቆጣ። ልጁም መሐል ገብቶ «አባዬ፣ ስማት» አለው። አስቀመጥነው፤ ጭንቀቱ በጥቂት ደቂቃ ለቀቀው። ባይለቀው ኖሮ ወዲያው 112 እንደውል ነበር፤ በአውሮፓ የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ ይኸው ነው። ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭነን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ወሰድነው። መንገዱን በሙሉ አላነጋገረኝም።

ተኝቶ የተነሣው የልብ ኢሲጂ ደህና ነበር። «አላልኩሽም?» ብሎ አየኝ። ሐኪሙ ግን ታሪኩን ሰምቶ ምርመራውን ቀጠለ፤ ከልቡ የደም ሥሮች አንዱ ክፉኛ ጠብቦ ተገኘ። ጠባቡን የሚከፍት ስቴንት የሚባል ትንሽ የብረት መረብ ገባለት። ዛሬ ደህና ነው፤ ተመስገን።

ይህን የነገርኳችሁ ወንድሜን ለማማት አይደለም፤ ፈቅዶልኛል። የእኔንም ጥፋት ልናገር ብዬ ነው። ከቴሌግራፍ እስከ ፕላን ላሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ቤተሰብ ሲቆጣ ይበርዳል፤ የተዘጋ የልብ ደም ሥር ግን ጊዜ አይሰጥም።

አዲስ አበባም አዳዲሶቹ መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር እየተሠራ ነው፤ ጎልማሶችም ብስክሌት መግዛት ጀምረዋል። ጥሩ ነው፤ ለልብም ለስኳርም ይበጃል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እነዚህን ልብ በሉ።

ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነና ግፊት፣ ስኳር ወይም በቤተሰብ የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ከባድ ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ። ክኒናችሁን በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ።

ስትደክሙ የሚመጣ፣ ስታርፉ የሚለቅ የደረት መጨነቅ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ወደ ክንድ፣ ወደ መንገጭላ ወይም ወደ ጀርባ ሊሄድ ይችላል። በሴቶችና የስኳር ሕመም ባለባቸው ደግሞ ያለ ደረት ሕመም፣ በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ ወይም ባልተለመደ ድካም ብቻ ሊገለጥ ይችላል። አርፋችሁ ካልለቀቃችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ራሳችሁ አትንዱ። የተኛ ሰው ኢሲጂ ደህና መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ስሜቱን ለሐኪሙ በዝርዝር ንገሩት።

ዳገት ላይ ከጎናችሁ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል፤ ማርሹን አቅልሉ።

ቁልቁለቱንም አትናቁት። የራስ ቁር ሳታደርጉ አትውረዱ፤ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ያዙ። ከጋሊቢዬ ጫፍና ከሸለቆው ወለል መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከአሥር ዲግሪ በላይ ነው፤ በላብ የራሰ ሰው እየወረደ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠ እጅ ደግሞ ፍሬን አይይዝም። የድሮ ተወዳዳሪዎች ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጋዜጣ ተቀብለው በሹራባቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር፤ ንፋስ ይከለክላል። ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚህም ይሆናችኋል።

የጋሊቢዬ መንገድ ክረምታቸው ሲመጣ በበረዶ ይዘጋል፤ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ይከፈታል። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ ሐኪሙ ሞንቬርኒዬን ቀስ ብሎ እንዲወጣ እንደፈቀደለት ነገረኝ። «ጋሊቢዬስ?» አልኩት። «እሱማ የትም አይሄድም እትዬ፤ ስትመጪ አብረን በመኪና እንወጣዋለን» አለኝ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ጤናችሁን ጠብቁ። ደረቱን የሚያሽ ሰው ስታዩም ዝም አትበሉ።