ቅባት የማይደርስበት እብጠት

ከዓይን ሥር የሰናፍጭ ፍሬ እያከለ የሚወጣው፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆነው እብጠት ሲሪንጎማ ይባላል፤ መነሻው የላብ ቱቦ ነው። ነቀርሳ አይደለም፤ አይጋባም፤ የንጽሕና ጉድለትም አያመጣውም። ከጉርምስና ወዲህ፣ ይልቁንም በሴቶች ላይ ስለሚበዛ፣ «ፊትሽን አትታጠቢም ወይ?» እየተባሉ የሚሣቀቁ እኅቶች አሉን።

እኛን የሚያስቈጣን ግን በዚህ እፍረት የሚነግደው ቅባት ሻጭ ነው። እብጠቱ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን በታች ያለ ስለ ሆነ ቅባቱ አያጠፋውም፤ ኮርቲዞን የተቀላቀለበት ከሆነማ፣ ቆዳውን ያሳሳዋል! ሐኪም በኤሌክትሪክ ወይም በሌዘር ሊያነሣው ይችላል፤ ዳሩ ግን ተመልሶ መውጣት አለ፤ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይም ከእብጠቱ ይልቅ ጎልቶ የሚታይ ጥቁር ምልክት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሐኪም አይቶ ሲሪንጎማ ነው ካለ፣ እንዳለ መተው ነውር የለበትም እንላለን፤ ላስነሣው የምትል እኅትም ከዋጋው በፊት ስለ ጠባሳው ትጠይቅ።