«አደፍርስ ይከብዳል» ለሚሉን

«ቋንቋው ይከብዳል፤ ታሪኩም አይሄድም።» ስለ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) በየዶርሙ የሚሰማው ፍርድ ይኸው ነው። ፈራጆቹን ስንት ገጽ አነበባችሁ ብትላቸው ግን ከዐሥር የሚያልፍ የለም።

እኔ በዚህ ክረምት መካነ ኢየሱስ ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር ጨርሼዋለሁ። ከሱ በፊት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ ከሱ በኋላ «ኦሮማይ»ን። አንባቢ ሆይ፣ ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብትለኝ አላመነታም፤ «አደፍርስ» ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ስለ ተረከው አገሩ ሁሉ ይወደዋል። ምኑን ነው የምንወደው ግን? ሰብለንና በዛብህን ብቻ! ፊታውራሪ መሸሻን እምቢ ያሉት ገበሬዎችና መሪያቸው አበጀ በለው የት ገቡ? ዐባይን ተሻግሮ ያለ ገበሬ ለእስቴ ልጅ ባዳ ነው እንዴ? ጉዱ ካሣንማ የጥቅስ መቁረጫ አደረግነው። «ኦሮማይ»ንም ቢሆን የምናነሣው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ስለ ጠፋ ነው፤ መጽሐፉ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ባለው ላይ የሚሟገተኝ አላገኘሁም።

ወደ «አደፍርስ» ልመለስ። ክርክሩ ይበዛል፤ አንዳንዱ ቦታ ስብከት ሆኖ ያሰለቻል፤ አልክድም። ነገር ግን ከተማ የተማረው ልጅ ከባላገሩ ጋር ሲነጋገር ሁለቱም በየራሳቸው አማርኛ ነው የሚናገሩት። ደራሲው የባላገሩን አፍ አላረመም፣ አላሳጠረም። የሚከብደን ይኸ ነው፤ የእናቶቻችን አማርኛ!

ደግሞስ «ከባድ ነው» ብሎ መተው ከማን ተማርነው? ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሚወርድ የቆሎ ተማሪ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት እናውቃለን። ለቅኔ ወርቁን ፍለጋ ሌሊቱን የሚያድር ሕዝብ ልጆች ነን። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነው እንዴ ጥርሳችን የረገፈ?

ዳኛቸው ቀጥሎ ያሳተመውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ምክንያቱን በሱ አፍ አልናገርም። እኔ አንድ ደራሲ ብሆንና አንባቢዬ ዐሥረኛው ገጽ ላይ ቢያንቀላፋ ግን እንደዚያው አደርግ ነበር።

የኔ ቅጂ ጠርዙ የተፈታ ቢሆንም ገጹ ሙሉ ነው። የሚፈልግ መጥቶ ይውሰድ። በሳምንቱ «ከበደኝ» ብሎ የሚመልስልኝ ግን ባይመጣ ይሻላል።