ጥፋቱ የሙጫው ወይስ የምርጫው?

የማቀዝቀዣ መሳቢያ የተሰነጠቀበት ደንበኛ ሱቅ ሲገባ፣ ብዙው ነጋዴ እጁን የሚሰደው ወደ ሱፐር ግሉ ነው። ሸማቹም ከፍሎ ይሄዳል። በሳምንቱ መሳቢያው እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ እርግማኑም ለሻጩ ይተርፋል።

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። በዕቃው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን፣ 2 ወይም 4 ካለ ፖሊኢትሊን ነው። እነዚህ ልዩ ፕራይመር ካልተቀቡ ሱፐር ግሉም ሆነ ተራ ኢፖክሲ አይዛቸውም። ኤቢኤስ የተባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ግን ሁለቱም ይይዙታል፤ ገጥሞ ለሚገኝ ቀጭን ስንጥቅ ሱፐር ግሉ፣ ክፍተት ላለበትና ክብደት ለሚሸከም ባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ ይመረጣል። ኢፖክሲው በደንብ እስኪጠነክር ግን አንድ ቀን መታገሥ ነው።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሲሰበር ጥሎ አዲስ መግዛት ለብዙው ቤተሰብ የሚሞከር አይደለም። የጥገና ገበያው ሰፊ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሙጫውን ከማቀበሉ በፊት «የተሰበረው ከምንድን ነው የተሠራው?» ብሎ ይጠይቅ። የማይጣበቀውን «አይሆንም» ማለትም ንግድ ነው፤ ያን ጊዜ ደንበኛው የሚመለሰው ለአቤቱታ ሳይሆን ለግዥ ይሆናል።