በረሃው ባዶ አይደለም

«ጠፍ መሬት» የምትለዋን ቃል እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዜናችን ብናወጣት ጥሩ ነው። እኔም ስለ አፋር በጻፍኩት የክፍል ሥራ ላይ ተጠቅሜባታለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጠፍ ባልኩት ምድር ላይ እኮ ከዓለም ሊጠፋ የተቃረበው የዱር አህያ አለ፤ የቤት አህያችን የዘር ግንድ ማለት ነው። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እስኪያበቃ ድረስ ዳር ዳሩን ሣር ያበቅላል። አርብቶ አደሩ ዝናብ ሲጥል ከብቱን ወደ ሜዳው ይነዳል፣ ሲደርቅ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ይሄ ሥርዓት እንጂ መንከራተት አይደለም።

«ባዶ ነው» ብለን ከጻፍን ግን የወንዙን ዳር ለእርሻ የሚወስድ ማንን ይጠይቃል? ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍም ዛሬ ግጦሹን ወርሮታል። እንግዲህ ብዕር ከማንሳታችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። በረሃው ባለቤት አለው።