ንብ መስላ የታየችን ዝንብ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቡናችን ገና ሳይፈላ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ግቢያችን ካለው የእንስላል አበባ ሥር ሮጣ መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተወሸቀች። «ማሚ፣ ንብ!» ክረምት ሳይገባ እጇ ላይ ንብ ነድፋት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግቢ ወጥቶ መጫወት እርም ብላለች። እኔም ሳላመነታ ፍሊቱን አንስቼ ወጣሁ። እናቴ ግን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ቆይ እስቲ ልጄ፣ መጀመሪያ እያት። ንብ እንዲህ አየር ላይ ተገትራ ትቆማለች?»

እውነቷን ነበር። እንደ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ድንገት ወደ ጎን ትወረወራለች። በስልኬ አጉልቼ ፎቶ አነሳኋትና ማታ ቁጭ ብዬ ማንነቷን አፈላለግኩ። ንብ ሳትሆን ዝንብ ናት! እንግሊዞች ወገኖቿን ሆቨርፍላይ ይሏቸዋል፤ አንዣባቢ ዝንብ እንደማለት ነው። የእኛዋ ሳይንሳዊ ስሟ ኤሪስታሊስ ቴናክስ ነው። መናደፊያ የላትም።

እንዴት እንለያት?

• ክንፍ፦ ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንብ ሁለት ብቻ። የንብ ክንፎች ተያይዘው ስለሚታዩ ለመቁጠር ፎቶ ይረዳል።
• ዓይን፦ የዝንቧ ዓይኖች ትልልቅ ናቸው፤ አብዛኛውን የራሷን ክፍል ይሸፍናሉ። የእኛዋ ዓይኖች ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠቆር ያሉ የፀጉር መስመሮች አሉ።
• አንቴና፦ የንብ ረዘም ብሎ እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ የዝንቧ አጭርና ለማየት የሚያስቸግር።
• እግር፦ ሠራተኛ ንብ የአበባ ዱቄት በኋላ እግሮቿ ላይ ጠቅልላ ትሸከማለች፤ ዝንቧ አትሸከምም።

ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ነገሩ አሳቀኝ። የሌላውን ብራንድ ማሸጊያ ለብሶ ገበያ የሚወጣ ዕቃ አታውቁም? አንድ ጊዜ ንብ የነደፈችው ወፍ ሁለተኛ ያን መልክ አይነካም፤ ዝንቧም በንብ ስም ትኖራለች። እንዲህ ያለውን ማስመሰል እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የአማዞን ቢራቢሮዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1862 አስረድቷል።

ይህቺ ዝንብ ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉራት ትገኛለች። የምታድገው ግን አበባ ላይ አይደለም። ትሏ የሚኖረው በቆመ ቆሻሻ ውሃ፣ በፍሳሽ ቦይና በፍግ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ረጅም ጭራ የመሰለ የመተንፈሻ ቱቦውን ወደ ውሃው ገጽ ዘርግቶ አየር ይስባል። ካደገች በኋላ የአበባ ማር እየቀሰመች የአበባ ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ታደርሳለች። የሌሎች ብዙ አንዣባቢ ዝንቦች ትሎች ደግሞ ተክል ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ ይበላሉ። ፍሊቴ ስንቱን የአትክልት ረዳት ሊፈጅ ነበር!

በማግስቱ ለልጄ ፎቶውን አሳየኋትና «አየሽ፣ አትናደፍም» አልኳት። እሷም ደስ ብሏት አበባው ዘንድ ሄደች። እጇን ስትዘረጋ ቀና ብዬ ባይ፣ አጠገቧ ያረፈችው እውነተኛ ንብ ናት! ልቤ ቀጥ አለ። ደግነቱ ንቧ በሰላም በረረች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስለ አንዷ የነገርኳትን ልጅ ለሁሉም መስሏታል።

ስለዚህ አዲስ ሕግ አወጣን፦ እጅ ወደ ኋላ፣ ዓይን ወደ ፊት። ሁለት እርምጃ ርቀን እናያለን እንጂ አንነካም። ልጅዎ ከዚህ በፊት ንብ ነድፎት መላ ሰውነቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ይህን ጨዋታ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ እጆቿን ከጀርባዋ አቆላልፋ እንስላሉ ፊት ቆማ አገኘኋት። ከሦስት ወር በኋላ ብቻዋን ግቢ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። «ማሚ፣» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ቁጠሪልኝ፣ ሁለት ናቸው አራት?»