ከቲክቶክ ጂን የመጽሐፍ ጂን ይሻላል

አማርኛ ተናጋሪ አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። ጅጅጋ ውስጥ ደግሞ አዬዮ «ሼኮ ሼኮ» ስትል ልጆቹ «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይቀበላሉ። ሼኮ ማለት ወግ ነው፣ ሐሪር ደግሞ ያው ሐር ነው፤ የሐር ወግ እንደማለት። ሁለቱም አባባሎች የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ተራኪዋ «ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ፈጠራ ነው፤ ፍሩ፣ ሳቁ፣ ሲያልቅ ግን ተነስታችሁ ወደ መኝታችሁ ሂዱ» እያለች ነው። ልጆቹም ሲመልሱ ተስማምተናል ማለታቸው ነው። በአጭሩ ውል ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ የቆየ ክርክር ለማውራት ነው። ታዳጊዎች ስለ ጂን፣ ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ጭራቅና ስለ ሌላ ዓለም የሚያወሩ ልብ ወለዶችን ያንብቡ ወይስ አያንብቡ? ሙስሊሙ ወላጅ «ጂን ቁርኣን ላይ ያለ ነገር ነው፣ መጫወቻ አይደለም» ይላል። ክርስቲያኑም «መተትና ድግምት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው?» ይላል። ስጋታቸውን አልንቀውም። ግን እኮ ልጁ አሁንም ከነዚህ ነገሮች ርቆ አይደለም ያለው! ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት «ጂን በካሜራ ተያዘ»፣ «ልጅቷ ወደ እባብ ተቀየረች»፣ «እውነተኛ ታሪክ ነው፣ እስከ መጨረሻው እዩት» የሚል ቪዲዮ ይጠብቀዋል። እዚያ ቤት «ሼኮ ሐሪር» ብሎ የሚጀምር የለም። ውሉ ፈርሷል።

ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ልብ ወለድ ገና ከሽፋኑ ፈጠራ መሆኑን ይናገራል። ቪዲዮው ግን እውነት ነኝ ብሎ ይምላል። ልጅን የሚያስተው ራሱን ተረት ብሎ የጠራው አይደለም።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በሶማሊ ተረት ውስጥ ቆሪ ኢስማሪስ የሚባል ሰው አለ። ሲመሽ ሰውነቱን በእንጨት ያሻና ጅብ ይሆናል፤ ሊነጋ ሲል እንደገና ያሻና ሰው ይሆናል። በአማራው አገር ደግሞ ቡዳ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ይባላል። ምናቡ ወንድማማች ነው። ቆሪ ኢስማሪስ ተረት ውስጥ እስካለ ድረስ ልጆችን ቶሎ ቤት ከማስገባት ያለፈ ጉዳት የለውም። የቡዳው ወሬ ግን «እውነት ነው» ተብሎ ሲወራ ጭነቱ ያረፈው በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ትከሻ ላይ ነው። ሰዎች በእጃቸው ሥራ ምክንያት ተገለሉ፣ ጋብቻ ተከለከሉ። ቤተ እስራኤሎችም ይህን ስም ለብዙ ዘመን ተሸክመውታል።

ልብ ወለድ እዚህ ላይ ሌላ ነገር የማይችለውን ይችላል፤ ጅብ የሚሆነው ሰው ራሱ እንዲናገር ያደርጋል። ሚስቱ የደበቀውን እንጨት ያገኘች ቀን ምን ተሰማው? መንደሩ ሁሉ ሲሸሸው ልጁ ምን አለ? እንዲህ ዓይነት ገጽ ያነበበ የ14 ዓመት ልጅ በሰው ላይ ጣት ከመቀሰሩ በፊት ቆም ይላል ብዬ አምናለሁ።

እሺ፣ ምን እናንብብ?

ከቤት እንጀምር። ደግዴር ማለት ረጅም ጆሮ ማለት ነው። ሰው የምትበላ፣ በዚያ ጆሮዋ ከሩቅ የምትሰማ ሴት ናት። ስትሞት ደርቆ የነበረው ምድር ለመለመ ይባላል። ብዙ ሶማሌዎች በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ማሪያን ሐሰን ይህን ተረት በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅታ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትማዋለች። በዚያው ተከታታይ ሥራ ውስጥ ዊልዋልም አለ። አዎ፣ የጅጅጋ ኤርፖርት በስሙ የተጠራለት ጋራድ ዊልዋል! እሱ ጭራቅ የለውም፣ እንቆቅልሽ እንጂ፤ «ከበግ አካል ሰዎችን የሚያጣላውን ወይም የሚያስማማውን ክፍል አምጡልኝ» ይላል። ሹማምንቱ ያላሰቡትን መልስ የምታገኘው የድሃ ሰው ልጅ ናት። መልሱን አልነግራችሁም፣ አዬዮን ጠይቁ።

ኮሚክ ለምትወዱ «ጀምበር» አለላችሁ። በሰራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣው። ባለታሪኩ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ድንገት ልዩ ኃይል ያገኛል። ሲቪ ይዞ የሚዞር ሱፐር ሂሮ ከኛ ውጪ ማን ሊጽፍ ይችላል? ሴት ጀግና የምትፈልጉ ደግሞ ከዚያው ቤት የወጣችውን «ሀዊ»ን ፈልጉ።

ከፍ ላላችሁት፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ገዳምና ሳይንስን፣ ምስጢርና ምናብን አደባልቆ ብዙ ወጣት ወደ ንባብ የመለሰ መጽሐፍ ነው። ከዚያ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ሞክሩ። በእናቱ ማህፀን ውስጥ ያለ ጽንስ ይህን ዓለም አልፈልግም፣ አልወለድም ብሎ ይከራከራል። መንግሥት መጽሐፉን አገደው። ያልተወለደ ልጅ ንግግር ያስፈራው መንግሥት ምናብ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ሳያስበው መሰከረ።

እንግሊዝኛችሁ ከፈቀደ የናይጄሪያዊ አሜሪካዊቷን ንዲ ኦኮራፎርን «አካታ ዊች» አንብቡ። የ12 ዓመቷ ሰኒ አሜሪካ ተወልዳ ናይጄሪያ የምታድግ፣ እዚያም እዚያም ሙሉ በሙሉ ያልሆነች ልጅ ናት። በቤት ሶማሊኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በፈተና እንግሊዝኛ እያለ የሚያድግ የጅጅጋ ልጅ ሰኒን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከእሷ በፊትም አሞስ ቱቱኦላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የዮሩባን ተረት መነሻ አድርጎ የጻፈው ልብ ወለድ ለንደን ውስጥ ሲታተም፣ ከተማሩት የአገሩ ሰዎች አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛው አፈሩ። ዛሬ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሲነሳ ስሙ አይቀርም። የአያት ተረት የሚያሳፍር አይደለም።

ይህ ማለት ሁሉም መጽሐፍ ለሁሉም ዕድሜ ነው ማለት አይደለም። ሌሊት እየባነነ የሚነሳ ልጅ ደግዴርን ትንሽ ቢያቆያት ይሻላል። ወላጆችም «ጂን አለበት» ብለው ከመንጠቃቸው በፊት ሃያ ገጽ ያንብቡና አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ መጽሐፍ ጭራቁን ከየት አመጣው? ከጫካ፣ ከባሕር፣ ከሰው ልብ ካመጣው ችግር የለም። የአንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት ሰዎች ጭራቅ ካደረገ ግን ጂን ባይኖርበትም ወዲያ ይጣል። ጎረቤት ጭራቅ ሲደረግ ምን እንደሚከተል ጅጅጋ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ አይታዋለች። ያን ጊዜ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለው ልብ ወለድ ያነበበ ልጅ አልነበረም።

የሚጎድለን ቦታ አይደለም። ከጅጅጋ ወደ ሐረር ስትወርዱ ካራማራን አልፋችሁ የዳካታ ሸለቆ ይጠብቃችኋል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ ልትነኩት ትፈራላችሁ። ሐረር ስትደርሱ ደግሞ በዓሹራ ቀን ለጅብ ገንፎ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። በቶጎ ውጫሌ በኩል ስትሻገሩ ሐርጌሳ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ አውደ ርዕይ ታዘጋጃለች። በዚህ መንገድ ላይ ያሉ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢያንስ አንድ መደርደሪያ ለምናብ መጻሕፍት ይስጡ፣ በሶማሊኛም በአማርኛም። እናንተም መጽሐፍ ስታገኙ ግዙት፤ በቴሌግራም ስካን እየተደረገ የሚዞር ፒዲኤፍ ለደራሲው አንድ ሳንቲም አያደርስም።

መደርደሪያው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። አዬዮ ወይም አያታችሁ ፈቅደው አንድ ተረት ይንገሯችሁ፤ ቅዱት፣ ጻፉት፣ ደግዴርን ከፈለጋችሁ ካራማራ ላይ አስቀምጧትና የጅጅጋን የስልክ ወሬ ሁሉ ትስማ። ለጓደኞቻችሁም ልቀቁት። ርዕሱ ላይ ግን «እውነተኛ ታሪክ» ብላችሁ እንዳትጽፉ።